በዝናብ የማታስለው መኪና

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛውን ትደገፋለህ? እናቴስ ደህና ናት? ዓይኗን ታየች ወይስ «ነገ፣ ነገ» እያለች ነው? ቤቱስ፣ ደጁስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እንደማታምነኝ አውቃለሁ፤ ጥርጣሬን የወረስኩት ከአንተ ነውና አልፈርድብህም። ሰውነቴ ደህና ነው፤ ሌላውን ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ። ብቻ ይህን ደብዳቤ አንብበህ እስክትጨርስ ድረስ ከመደርደሪያህ ላይ አንዲት ዕቃ እንዳትጥል፣ ለማንም እንዳትሰጥ።

በፖስታ ቤት ያልላክሁት በምክንያት ነው። አብሮኝ የሚሠራው ቀለም ቀቢ ያለፈውን ደብዳቤህን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ሲያየው ይዤዋለሁ። «ቴምብሩን እያየሁ ነው» አለኝ። ቴምብር በመብራት አይታይም። ስለዚህ ወደ እናንተ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁ፤ ማሸጊያው ተነክቶ ከሆነ አስተውልና ጻፍልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ጋራዥ የምታድር አንዲት ጣሪያ የሌላት የጥንት የስፖርት መኪና አለች፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ስትገባባት መሬት ላይ የተቀመጥክ የምትመስልህ። ባለቤቷ ሽማግሌ ነው። ከእጁ የማይለየው ግን የማይከፍተው ጃንጥላ ስላለው በጋራዡ «ጃንጥላው» እንለዋለን። ጉልበቱ ፍሪሲዮን መርገጥ ስላቃተው ራሱ አይነዳም። በፀሐይ ቀን ድምፁ አይሰማም። ከሦስት ወር በፊት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጀምር ግን ደወለና «መኪናዋን አውጡልኝ፤ የሚነዳት ግን እሱ ይሁን» ብሎ እኔን አስጠራኝ። ባለጋራዡ ሸራውን ላልብሳት ቢለው «ሸራ አያስፈልግም» አለ። እንግዲህ አስበው አባዬ፤ ሰው ሁሉ ከዝናብ ሲሸሽ እሱ ዝናብ ጠብቆ ይወጣል፣ ሸራም ይከለክላል።

ጣሪያ የሌላት መኪና በዝናብ መንዳት ምን እንደሆነ ልንገርህ፤ አንተ አውቶብስ ውስጥ ደርቀህ ስለኖርክ አታውቀውም። መንገዱ ክፍት ሆኖ ስትፈጥን ዝናቡ ከፊት መስታወቱ ተነስቶ በራስህ ላይ ያልፋል፤ የሚረጥበው ግንባርህ ብቻ ነው። ቀይ መብራት ሲያቆምህ ግን ሰማዩ ያቆየልህን ሁሉ ያወርድብሃል። መጥረጊያዎቹ የእርሳስ ያህል ናቸው፤ ከመጥረግ ይልቅ ውሃውን ከግራ ወደ ቀኝ ያመላልሱታል። የእንጨት መሪው ያዳልጣል። ፍሬቻ የላትም፤ ልትታጠፍ ስትል ክንድህን ታወጣለህ፣ ውሃው በእጅጌህ ገብቶ ብብትህ ድረስ ይወርዳል። ኩሬ ካለፍክ በኋላ ፍሬኑ አይዝም፤ በስሱ ደጋግመህ እየረገጥክ ታደርቀዋለህ፤ ይህን እንኳ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሱቅ በረንዳ ላይ የተጠለለው ሰው ሁሉ ይስቅብናል፤ እኔ ውሃ ውስጥ የገባች አይጥ መስዬ፣ ሽማግሌው ደግሞ ከጎኔ ጃንጥላውን ሳይከፍተው በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ። እውነቱን ልናገርና በሁለተኛው ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ሲለኝ ደግሞ ይበልጥ ጠረጠርኩ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ትል የለ? መጀመሪያ፣ ከቤተሰቡ ተደብቆ የሚሄድበት ቦታ አለው ብዬ ነበር። ግን የትም አንሄድም፤ የከተማዋን ዳርቻ መንገድ ዞረን፣ ዳገቱን ወጥተን ወርደን፣ ተመልሰን ጋራዥ ነው። ቀጥዬ፣ መኪናዋ በእኔ እጅ እንድትጋጭለት ፈልጎ ይሆናል አልኩ። ቀለም ቀቢውም ነገሩን አባባሰው፤ «ከስንት ሠራተኛ መካከል አንተን የመረጠህ ለቁም ነገር መሰለህ?» አለኝ። ይህን ሲል ዓይኔን አላየም፤ እሱንም ጠረጠርኩት።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ደብተሩ ነው። ጃንጥላው በደረት ኪሱ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ደብተር አለችው። ኩሬ ባለፍን ቁጥር፣ ዳገት በወጣን ቁጥር አንገቱን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ፣ መዳፉን ከጆሮው ኋላ አስደግፎ ይቆያል፤ ከዚያ ደብተሯን ከኮቱ ሥር አስጠልሎ አንድ ነገር ይጭራል። አልፎ አልፎም ፊቴን ያያል። አንድ ቀን ላጫውተው ብዬ «ዝናቡ በርትቷል» ብለው «ዝም በል፣ ልስማበት» አለኝ። የአነዳዴን ስህተት እየመዘገበ ነው፣ ባለጋራዡም የላከው እኔን የሚያባርርበት ሰበብ እንዲያመጣለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ለሲጋራ ሲወርድ ጠብቄ መቀመጫውን አንስቼ ፈተሽኩ፤ ድምፅ መቅጃ ነበር የፈለግሁት። ያገኘሁት አንድ ዝገት የበላው ቡሎንና የረጠበ ቅጠል ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሃል ይህ ነው።

ያለፈው ሐሙስ ሰባተኛ ጉዟችን ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ «አቁም» አለኝ፤ ከዚያ በፊት መንገድ ላይ አስቁሞኝ አያውቅም፣ ለሲጋራው ካልሆነ በቀር። ሞተሩን ሳላጠፋ ዳር ያዝኩ። ውሃው በላያችን እየወረደ ጃንጥላውን ከፈተ፤ ለራሱ አይደለም፣ ለደብተሩ። ገልጦ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ሰባት ቀን ተጽፏል፣ ከእያንዳንዱ ቀን ፊት አንድ ቃል ብቻ፦ አላሳለችም።

«ይህች መኪና ከገዛኋት ጀምሮ በዝናብ ታስላለች» አለኝ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ሚስቴ በሕይወት ሳለች ሳሏን ሰምታ ነበር በር የምትከፍትልኝ። እናንተ ጋ ካለፈው ዓመት ጥገና ወዲህ ግን አንድ ቀን አላሳለችም። ኦሪጅናል ዕቃዋን አውጥቶ የሸጠብኝ ሰው አለ። የሥራ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ ያንተ ነው።» ሸራውን የከለከለው ለካ ዝናቡ ሸራ ላይ ሲንኳኳ የሞተሩን ድምፅ እንዳይሸፍንበት ነው። እኔን የመረጠኝም ፊቴን ሊያነብ ነው። እኔ እሱን ስጠረጥር፣ እሱ እኔን ሲጠረጥር፣ ሁለታችንም በአንድ ዝናብ ስንበሰብስ ሦስት ወር ሆነን።

እውነቱ ይህ ነው አባዬ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ክዳኑ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። እርጥበት በገባባት ቁጥር እሳቱ ይባክናል፣ ሞተሩ ያስላል። እኔ ደህና ክዳን ፈልጌ ቀየርኩለት። ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም፣ ለማንም አልነገርኩም። «ደህና መካኒክ ያበጀውን አያወራም፣ መኪናው ያውራለት፤ ዝም አይነቅዝም» እያልክ ያሳደግኸኝ አንተ ነህ። አሮጌውን ክዳን እንደ ልማድህ በወረቀት ጠቀለልኩት፣ ቀኑንና የመኪናዋን ቁጥር ጻፍኩበት፣ የአንተ ዘመን ዕቃ ስለሆነ ደስ ይልሃል ብዬ ላክሁልህ። የጥንት መኪና የሚወዱ ሰዎች ግን የተሰነጠቀውን የራሷን ዕቃ ከአዲሱ አብልጠው እንደሚወዱ አላወቅሁም። እኔ አዳንኩለት ስል እሱ ተሰረቅሁ አለ።

ይህን ሁሉ ባለጋራዡ ፊት ተናገርኩ። «ደግ፤ ክዳኑን አምጣው» አሉኝ። «ለአባቴ ልኬዋለሁ» ስል ባለጋራዡ ወለሉን አየ፣ ቀለም ቀቢውን ሳል ያዘው። በገዛ አፌ ራሴን አሰርኩ። እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ክዳኑ ካልመጣ መሰናበቴ ነው፤ ሌባ ተብሎ የወጣን መካኒክ ደግሞ በዚህ ከተማ ካቻቪቴ የሚያስጨብጠው የለም። ጃንጥላው የመኪናዋን ዕቃዎች ቁጥር አንድ በአንድ በደብተሩ መጀመሪያ ላይ ጽፎ ይዟል። የክዳኑ ቁጥር ከውስጥ በኩል ተቀርጿል። «ሁለቱ ከገጠሙ አምንሃለሁ» ብሎኛል።

ታናሽ እህቴ እንደጻፈችልኝ ክዳኗን መደርደሪያህ ላይ አስቀምጠህ በአምስቱ ቀዳዳዎቿ ብዕሮችህን ሰክተህባታል። እባክህ ብዕሮችህን ንቀልና ላክልኝ። የጠቀለልኩበትንም ወረቀት ካልጣልከው አብረህ ላከው። እንዳታጥባት። እጅህን ስለማውቀው ስንጥቋን በሙጫ ደፍነሃት ይሆናል ብዬም ጠርጥሬአለሁ፤ ደፍነሃትም ከሆነ እንዳለች ትምጣ። ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሳል። ለባለጋራዡም ሁለት መስመር ጻፍልኝ፤ ዝምታውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ በለው።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ የከበደኝን ልጻፍ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ትሠራበት ከነበረው የአውቶብስ ጋራዥ የመሣሪያ ሳጥንህን ተሸክመህ በቀትር ወደ ቤት የመጣህበት ቀን ትዝ ይልሃል? እናቴ ምን ሆነህ ነው ስትልህ «ዝም አይነቅዝም» ብለህ እጅህን ታጠብክ። ወደዚያ ሥራ አልተመለስክም። ጎረቤት ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። አንተ በሌለህበት ሳጥኑን ከፈትኩት። ከሥር በወረቀት የተጠቀለሉ ዕቃዎች አገኘሁ፣ በእያንዳንዱ ላይ በእጅህ ጽሑፍ የአውቶብስ ቁጥርና ቀን ነበረበት። ሰርቀህ ነው አልኩ። ሳጥኑን ዘግቼ ሃያ ሁለት ዓመት የሆዴን በሆዴ ይዤ ኖርኩ። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ ሰው ሲያየን አፍርብህ ነበር። ኋላ በግቢያችን ስታሠራኝ አሮጌ ዕቃ ስትጠቀልል አየሁ፣ ልማዱንም ያዝኩ፤ ሁለቱን ግን አላገናኘሁም፣ ማገናኘትም አልፈለግሁም። ሐሙስ ዕለት ያ ደብተር ጭኔ ላይ ሲቀመጥ ነው የገባኝ። ሌባ የሰረቀው ዕቃ ላይ ቀን አይጽፍም፤ አንተም እንደ እኔ በአዲስ የቀየርካቸውን አሮጌ ዕቃዎች ነበር የጠቀለልከው። ይቅር በለኝ አባዬ። ዝምታም ይነቅዛል፤ አንተንም እኔንም ከውስጥ በልቶናል።

ለታናሽ እህቴ ሰላም በልልኝ፤ በብዕር መሰኪያው ፈንታ ሌላ እልክላችኋለሁ፣ የማንም መኪና ያልሆነ። አጎቴን፣ ያቺ አሮጌ ታክሲው አሁንም በግፊ ከሆነ የምትነሳው ባትሪውን ትቶ ገመዶቹን ይይ በለው። ለአክስቴና ለልጆቿ፣ ስለ እኔ ለሚጠይቅህ ጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስ። ለምን እንደሚጠይቁ ግን ልብ ብለህ እይ።

እናቴን ጉንጯን ሳምልኝ። ያን ቀትር ምን እንደሆነ ለእኔ ከመጻፍህ በፊት ለእሷ ንገራት። እሷም እንደ እኔ ሳጥኑን ከፍታው እንደሆነ ማን ያውቃል።

ልጅህ

ከጋራዡ ጓሮ ካለችው ክፍሌ፣ ዝናቡ ሳያባራ
እሑድ፣ ሐምሌ 18 ቀን