የፍልፈሉ ጥርስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ሐይቅ።

ዛሬ ክፍል ውስጥ የፍልፈሉን ጥርስ ሰበርኩት። ጋሽ እንድሪስ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካለው የድንች ማሳቸው በሕይወት ይዘው ያመጡልኝ ስለለመንኳቸው ነው። ተማሪዎቼ የፊት ጥርሶቹ ከከንፈሩ ውጭ ወጥተው እንዴት አፈር እንደሚቆፍርባቸው እንዲያዩ ፈልጌ ነበር። ከዘመናት በፊት የጠፋውን በራሪ ተሳቢ እንስሳም ሰሌዳው ላይ ስዬ፣ የእሱም ጥርሶች ዓሣ ለመያዝ ወደ ፊት ያዘነበሉ እንደነበሩ አስረዳሁ። ሥዕሉ ይበቃ ነበር። እኔ ግን የፍልፈሉን የታች ጥርሶች ይበልጥ ላሳይ ብዬ በመቆንጠጫ ስይዛቸው ተወራጨ፤ ቀጭ አሉ።

ከፊት የተቀመጠችው ዘሀራ ደነገጠች። "ቲቸር፣ የፍልፈል ጥርስ ሁልጊዜ ያድጋል ብለውን የለ?"

"ያድጋል" አልኳት። እውነት ነው፤ ከሥሩ እየገፋ ይመጣል። እስከዚያ ግን የላይኞቹ የሚሞርዳቸው አጥተው አፉ ውስጥ እየተቆለመሙ እንደሚረዝሙ አልነገርኳትም።

ከትምህርት በኋላ ልመልሰው ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ።

"እንዲህ ሆኖ ብትለቂው በረሃብ ይሞታል" አሉኝ። "ስጪኝ፣ ልገላግለው። ድንቼን ጨርሶብኛል፤ ግን ወላሂ፣ እኔ ብገድለው እንኳ በአንዴ ነው፤ እንዲህ አላሰቃየውም።"

አልሰጠኋቸውም። ቤት ወስጄ ቅቅል ድንች አድቅቄ አቀረብኩለት። እጄን እያየ ጥግ ይዞ ተንቀጠቀጠ። መብላት የጀመረው ዞር ስልለት ነው።

የላይኞቹን ጥርሶች ለመሞረድ ግን እንደገና ልይዘው ነው።