ለግራ እጅ የተሳለች ቢላ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ያስቃስትሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እማማን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አሁን ተነሥታ እንደ ወትሮዋ ትቆጣናለች። አባባም ከዓይናቸው በስተቀር ደህና ናቸው። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልህ ግን ውሸት ይሆናል። ቀንቻለሁ፤ የቀናሁትም ባንተ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ከተሰበረ የብረት መጋዝ የመስመር ማውጫ ቢላ ሠሩልኝ። በእርሳስ የሚያሰምር አናጺ ሰነፍ ነው የሚሉትን ታውቃለህ። ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር ሲሠሩልኝ የመጀመሪያው ነው። ብረቱን ቆርጠው፣ ከወይራ እጀታ ጠርበው፣ ጫፉን ድንጋይ ላይ እያሹ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። እኔም እንደ ሕፃን ዓይን ዓይናቸውን ሳይ ሰነበትኩ።

ተቀብዬ ከማዕዘን ማውጫው ከስኳድራው ጋ አስጠግቼ ላሰምርባት ብል እየሸሸች አስቸገረችኝ። ገልብጬ ሳያት ገባኝ። ይቺ ቢላ የምትሳለው በአንድ ጎኗ ብቻ ነው፤ ልሙጡ ጎኗ ስኳድራውን ተደግፎ ይሄዳል። አባባ የሳሉት በተቃራኒው፣ ለግራ እጅ ነው። በዚህ ቤት ካንተ በቀር ግራኝ ማን አለ? አንተ ከሄድክ ዘጠኝ ዓመትህ፣ እጃቸው ግን ዛሬም ላንተ ይሠራል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይሉ የለ? አንተን «ዋናው» እያሉ ይጠሩሃል፤ እኔ በሠላሳ አራት ዓመቴ «ትንሹ» ነኝ። መለዋወጫ ቢሉኝ ይሻል ነበር።

ላባባ ምንም አልነገርኳቸውም። በእልህ ከአሮጌ ሞረድ የራሴን ሁለት ቢላ ሠራሁ። አንዷ ተሰበረች፤ ሌላዋን ግን ብታያት አታፍርብኝም ነበር። አባባ በአውራ ጣታቸው ዳሰሷትና መልሰው አስቀመጧት። ከዚያማ የባሰ ጅልነት ሠራሁ፤ በእሳቸው ቢላ በግራ እጄ ማስመር መለማመድ ጀመርኩ።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት እንደዚያው በግራዬ ሳሰምር አባባ በሩ ላይ ቆሙ። በዚያ ዓይናቸው የታያቸው እጄ ብቻ መሰለኝ። «ዋናው! መጣህ እንዴ?» አሉ። ድምፃቸውን እንዲያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አዎ አባባ፣ አልኳቸው። መጥተው አንገቴን አቅፈው አገላብጠው ሳሙኝ። ትከሻዬን ሲዳስሱ ግን አወቁኝ። አልተቆጡም። አይ፣ አንተ ነህ ለካ፣ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ያ ስሞሽ ያንተ ነበር፤ ሰርቄሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ብትመጣ ከቤቱ ሁሉ የማንሰው እኔ እንደምሆን አውቃለሁ። ቢሆንም ና። ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጨልም አንተኑ ራስህን ይዩህ።

ባለቤትህን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ትልቁን ልጅህን በርታ በለው፤ ትንሹን ደግሞ ከትልቁ ቀድመህ ሳምልኝ። እማማ ዓይንህን ትስምሃለች፤ ወፍራም ልብስ ልበስ ብላለች። አባባ ሰላም በልልኝ ብለው ሦስት ጊዜ አስታወሱኝ። ሰላም ብለውሃል፤ ሰላም ብለውሃል፤ ሰላም ብለውሃል። አንዱንም አላስቀረሁብህም።

ወንድምህ ትንሹ
ከአባባ የእንጨት ሥራ ቤት
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን