በመምህራን ትውውቅ ቀን የሰማሁት መርዶ

ለክብርት እናቴ ለወይዘሮ አስካለ ማርያም
ማንኩሳ

እናታለም፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ የሚነሣብዎ የወገብ ሕመም ተወት አደረገዎ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እህልስ ይቀምሳሉ? ላቀው እንዴት ነው? እናኑስ? ከብቱስ፣ አዝመራውስ? እኔ አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽዎም። እናቴ፣ ሰምቻለሁ። አባባ ማረፋቸውን ሰምቻለሁ።

ላቀው ይህን ሲያነብልዎ እዚህ ላይ ቆም ይበል። ወንድሜ፣ አትቸኩል፤ እማዬ ይረጋጉና ከዚያ ቀጥልላቸው።

የነገረኝ ሰው ክፉ አይደለም። ማንንም እንዳይቀየሙ ነው ነገሩን ከመጀመሪያው የምጽፍልዎ። ባለፈው ሳምንት የሕግ ትምህርት ቤቱ እኛን አዲስ ገቢዎቹን ከመምህራኑና ከሠራተኞቹ ጋር የሚያስተዋውቅበት ቀን ነበር። አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። አንዱ ከሐረርጌ፣ አንዱ ከወለጋ፣ አንዱ ከኤርትራ የመጣ ነው፤ ሁላችንም የለበስነው አዲስ ኮት እየከበደን ተቀምጠናል። ዲኑ፣ ማለት የትምህርት ቤቱ አለቃ፣ ረጅም አሜሪካዊ ናቸው። መምህራኑን አንድ በአንድ እያስነሡ ስማቸውን፣ አገራቸውንና የሚያስተምሩትን ነገሩን። ፀጉራቸው የሸበተ አንድ ፈረንሳዊ ፍትሐ ብሔር እንደሚያስተምሩ ሲናገሩ እጃቸው አያርፍም፤ አንድ ጊዜ የጎረቤታቸውን መነጽር ሊጥሉ ምንም አልቀራቸው። አቶ ክንፈሚካኤል የሚባሉት ደግሞ ዳኛ የነበሩ የአገራችን ሰው ናቸው፤ የሙግት ሥነ ሥርዓት ያስተምራሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ስለሆነ እሳቸው ሲናገሩ አዳራሹ ጸጥ አለ።

እኔ የእያንዳንዳቸውን ነገር በልቤ እይዝ ነበር። አባባ ፍኖተ ሰላም ላይ አውቶቡስ ሲያሳፍሩኝ፣ «የመምህሮችህን ስም ከነአገራቸው፣ አነጋገራቸውንም ሳይቀር ጻፍልኝ፤ እኔም እንደ አቅሜ ተማሪ ልሁን» ብለው ስቀው ነበር። እርስዎ እንደሚያውቁት የራሳቸው ክስ ሳይኖራቸው ፍርድ ቤት ደጅ የሰው ሙግት ሲሰሙ የሚውሉ ሰው ነበሩ፤ ማታ ሲመለሱም ከሳሹንም ተከሳሹንም ራሳቸው ሆነው ያስቁን ነበር። እና እኒያ ፈረንሳዊ እጃቸውን ሲያወናጭፉ እያየሁ፣ «ይህንን አባባ ይወዱታል» እል ነበር። እናቴ፣ ለሞተ ሰው ወሬ እለቅም ነበር።

ከመምህራኑ ቀጥሎ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ተነሡ። ከእነሱ አንዱ አቶ አድማሴ ይባላሉ፤ የተማሪዎችን ጉዳይ የሚይዙ ሰው ናቸው። «አገሬ ቡሬ ነው» ሲሉ ልቤ ዘለለች። የእኛ ተራ ሲደርስ ተነሥቼ፣ «ደረሰ ይርሳው እባላለሁ፤ ከጎጃም፣ ከዳሞት፣ ከማንኩሳ ነኝ» አልሁ። የአባባን ስም ሆን ብዬ ጮክ አድርጌ ነው የጠራሁት። አቶ አድማሴ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያም ዓይናቸውን አልነቀሉም።

በኋላ ሻይ ተጋበዝን። አቶ አድማሴ ሰዉን እያለፉ መጡና አቀፉኝ። «የጋሽ ይርሳው ልጅ ነህ? አይ ወንድሜን! እግዚአብሔር ያጥናህ። ለመስቀል ቡሬ ገብቼ ስመለስ ማንኩሳ ለቅሶ ደርሼ ነው የመጣሁ። አንተ ከቀብሩ መቼ ተመለስህ?» አሉኝ።

«የማን ቀብር?» አልኋቸው።

ከንፈራቸውን ነክሰው መሬት መሬቱን አዩ። ያን ጊዜ ተረዳሁት። በእጄ የያዝሁትን ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት፤ ለምን እንደጠጣሁት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወደ ውጭ ደግፈው ያወጡኝ እሳቸው ናቸው።

ደጅ ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገሩኝ። አባባ ቆላውን አዝመራ ለማየት ወደ ብር ወንዝ ወርደው ንዳድ ይዟቸው መመለሳቸውን፣ ላቀውና ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ወደ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ሲሄዱ መንገድ ላይ ማረፋቸውን ነገሩኝ። እርስዎም ለቀስተኛውን ሁሉ፣ «ልጄ ከሰማ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል፤ በእመቤታችን፣ አዲስ አበባ እንዳይሰማ» እያሉ ሲለምኑ አቶ አድማሴ አይተዋል። «እንዳይሰማ የተባለው ልጅ እኛው ዘንድ መሆኑን ማን ነግሮኝ! ከቀብሩ የተመለሰ ሌላው ልጃቸው መስለኸኝ!» እያሉ እሳቸውም አለቀሱ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩልኝ፤ ከሁሉ የቆረጠኝ እሱ ነው። እሳቸው ለቅሶ ተቀምጠው ሳለ ነጋዴው ቢሆነኝ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ ስንቄን ሊቀበል በሩቅ ሲመጣ፣ እርስዎ ለቀስተኛውን ወደ ጓዳ አስገብተው፣ ከልዎን አውልቀው፣ ነጭ ነጠላ ደርበው እንደወጡ ነገሩኝ። በሶውንና ቅቤውን አስረክበው፣ «አባቱ በርታ ብለውታል በልልኝ» አሉት። ቢሆነኝ ቃልዎን ሳያጓድል ነገረኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ከበሶው ለጓደኞቼ አካፈልሁ። እናቴ፣ ያንን ቃል በምን አንደበት ተናገሩት? ሰውየው ከአጥሩ ወጥቶ እስኪርቅ ድረስስ እንዴት ቆሙ?

አልደብቅዎም፣ መጀመሪያ ተቆጥቼብዎ ነበር። ሁሉም ሲያለቅስ እኔ ብቻ ስስቅ መክረሜ አሳፈረኝ። በማግሥቱ ልብሴን ጠቅልዬ ለማንም ሳልናገር አውቶቡስ ተራ ወረድሁ። አቶ አድማሴና አቶ ክንፈሚካኤል መጥፋቴን ከጓደኞቼ ሰምተው ተከትለውኝ መጡ። ይገሥጹኛል ብዬ ነበር። አቶ ክንፈሚካኤል ግን ጥቅሌን ከእጄ ተቀበሉና፣ «መሄድ መብትህ ነው፤ ማንም አይከለክልህም። ነገር ግን መርዶ የተረዳ ሰው ሳይላቀስ ብቻውን መንገድ አይገባም። መጀመሪያ ና፣ እናልቅስ» አሉኝ። እስከዚያ ድረስ አንዲት እንባ አልወጣኝም ነበር። እዚያው ከተሳፋሪው መሀል እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

አቶ አድማሴ ቤታቸው ለቅሶ አስቀመጡኝ። አዳራሽ ውስጥ በስም የተዋወቅኋቸው ሁሉ መጡ። ዲኑ ከበር ጀምሮ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገብተው ከተማሪው ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ፈረንሳዊው ደግሞ አቶ አድማሴ ያስጠኗቸውን «እግዚአብሔር ያጥናህ» ሲሉ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ በአስተርጓሚ፣ «አባትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ጀመርሁ። ስለ ሙግት ወዳድነታቸው፣ ቡሬ ገበያ ሲውሉ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ነገር ይዘው ስለ መግባታቸው፣ ተቆጥተው እንኳ የሚያስቁ ስለ መሆናቸው አወራሁ። ሽማግሌው የእሳቸውም አባት በጦርነት ጊዜ እንደሞቱና መርዶውን ዘግይተው እንደሰሙ ነገሩኝ። ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ነው ያለቀሱት። እውነቱን ለመናገር መምህሮቼን የተዋወቅሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ራሴን ተላጭቻለሁ፤ ትምህርቴንም ከሐዘን ጋር ጀምሬአለሁ። ዲኑ ፈቅደውልኛልና ለአርባቸው እመጣለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ፤ ልመና አያስፈልገኝም፣ በራሴ ፈቃድ ነው። ቂም አልያዝሁብዎም። ነገር ግን አንድ ነገር ልለምንዎ፦ ከእንግዲህ ለእኔ ብለው ከልዎን አያውልቁ። ማልቀስ ሲያምርዎ ያልቅሱ። ክፉም ቢሆን አይሰውሩኝ፤ ሩቅ ስላለሁ ልጅዎ መሆኔ አልቀረም። ስመጣ ደግሞ ሁሉን ይንገሩኝ። ቃሬዛው ላይ ሳሉ ምን አሉ? ጠማቸው ወይ? ስሜን ጠሩ? ካልጠሩም፣ አልጠሩም ይበሉኝ።

ወንድሜን ላቀውን፣ ያን ሁሉ መንገድ አባባን የተሸከመ ትከሻህን ስሜአለሁ ይበሉልኝ። እኔ ያን ቀን አልነበርሁምና የማይከፈል ዕዳ አለብኝ። እኅቴን እናኑን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ እስክመጣ ድረስ ከእርስዎ ጋር ትተኛ። አክስቴን እማሆይ ወለተ ኢየሱስን፣ የንስሐ አባታችንን አባ ወልደ ዮሐንስን፣ ጎረቤቶቻችንን በሙሉ እጅ ነሥቻለሁ። ቢሆነኝንም አግኝተው፣ አልተቀየመህም ይበሉት፤ ሲሰማ ይደነግጣል።

ለአባባ ሰላምታ የምልክበት መንገድ ጠፋኝ። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ በመቃብራቸው በኩል ይለፉና፣ ደረሰ እጅ ነሥቷል ይበሉልኝ።

ልጅዎ ደረሰ ይርሳው
አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ
ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.