የኢያኤል እናት ወተት

ኅዳር 2፣ ሰኞ
ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ስታርች አስተማርኩ፤ ድንችም ዱቄትም ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር። ድንች ፈቅፍቀን፣ በሙከራ ቱቦዎች በጥብጠን... ግማሾቹ ሲያዛጉ ነበር። ደወል ሲደወል ቱቦዎቹን ለቅለቅ አድርጌ መደርደሪያው ላይ መለስኩ።
ከጎን ክፍል የአዲሷ መምህርት የሃሴት ተማሪዎች ሳቅ። ከተቀጠረች ገና ሁለት ወሯ። እኔ እዚህ ኬሚስትሪ ሳስተምር አሥራ ስምንት ዓመቴ። እንዲህ የሳቀልኝ ክፍል ነበር?

ኅዳር 4፣ ረቡዕ
ሃሴት "ከቤታችሁ የሆነ ነገር አምጡ፣ ምን እንዳለበት እንመርምር" ብላቸው በርበሬ፣ ማር፣ ሳሙና ተሸክመው መጡ። ርዕሰ መምህሩ በስልኩ ቪዲዮ ቀረጻት። ከዚያ መምህራን ክፍል ገብቶ "ከሃሴት ተማሩ" አለን። ከሃሴት!

ኅዳር 5፣ ሐሙስ
ዛሬ ወተት መረመሩ። አዮዲን ጠብ ሲደረግበት ወደ ሰማያዊ ከጠቆረ ዱቄት ገብቶበታል ማለት ነው። ከኋላ ቆሜ አየሁ። የኢያኤል ወተት ሰማያዊ ሆነ። እናቷ ወይዘሮ አለምነሽ አዲስ ከተማ ወተት ሻጭ ናቸው።
"ዱቄት አለበት!" አንዱ ጮኸ።
ሃሴት "ውጤቱ እንደዚያ ነው የሚለው" አለች።
"እናቴ እንዲህ አታደርግም..." ልጅቷ አለቀሰች።
ቱቦውን አወቅሁት፤ የሌሎቹ አዲስ ሲሆን የእሷ ብቻ ከእኔ መደርደሪያ የተነሳ ነው። ሰኞ ስታርች የበጠበጥኩበት ነው። በደንብ አላጠብኩትም። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር... ዝም አልኩ። ሃሴት ስትሳሳት ማየት ጣመኝ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ጣመኝ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ
ኢያኤል አልመጣችም። ወሬው ሰፈር ገብቶ ደንበኞች ወተት አንገዛም ብለዋል አሉ። ምንድነው ያደረግሁት?

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ
ሃሴትን ቤተ ሙከራ አገኘኋት። "የኢያኤል ቱቦ ከተነሳበት መደርደሪያ ሌላ ቱቦ አንሺና ንጹህ ውሃ በአዮዲን ሞክሪ" አልኳት። ውሃው ሰማያዊ ሆነ።
"ስታርቹ የእኔ ነው። ሐሙስ ቆሜ ሳይ አውቄ ነበር።"
"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ ቲቸር?"
"ቀንቼብሽ" አልኳት።
ቱቦውን ማጠብ ጀመረች። "እኔም አስቀድሜ ውሃውን መሞከር ነበረብኝ" አለች። ይቅር ብያለሁ ግን አላለችም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ
ወይዘሮ አለምነሽ ጠርተናቸው ትምህርት ቤት ወተት ይዘው መጡ። በታጠበ ቱቦ ሞከርነው። አልጠቆረም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ክፍሉ ፊት ተናገርኩ።
"ለልጆቹ ነገሩልኝ፣ መምህርት። ለሰፈሩስ ማን ይነግርልኛል?" አሉኝ።
"እኔ" አልኩ።
ከሰዓት ቤት ለቤት ዞርን። ሃሴት ሳልጠራት ተከተለችን። አንዷ ጎረቤት እኔ ብዙ ባስረዳት አልገባትም። ሃሴት ሁለት ብርጭቆ ለምና ወተቱን በአዮዲን፣ አንዱን በንጹህ፣ ሌላውን ዱቄት በነካው ብርጭቆ አሳየቻት፤ ወዲያው ገባት። እዚያው ሁለት ሊትር አዘዘች።
ቀናሁ? አዎ፣ ቀናሁ። ግን ወደሚቀጥለው በር ስንደርስ ወደ ኋላ አልኩና "አንቺ አስረጃቸው" አልኳት።