የመምህርት አቻምየለሽ ወልደ ዮሐንስ ሕይወትና የቅዳሜው ንባብ

መምህርት አቻምየለሽ ወልደ ዮሐንስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ሰይፈ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሳነሽ ቢሰጥ በ1948 ዓ.ም. ከጅጋ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ የገጠር መንደር ተወለዱ። ክርስትና ሲነሡ ወለተ ማርያም ተባሉ። ፊደልን ከአባታቸው፣ ዘመናዊ ትምህርትን በጅጋና በፍኖተ ሰላም ተምረው የመምህርነት ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ በ1968 ዓ.ም. ቡሬ ተመደቡ። በዚያው ከተማ ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምረዋል። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ውስጥ እሳቸው ያላስተማሩት ጥቂት ነው።

በ1971 ዓ.ም. ከአቶ መልካሙ ደስታ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ወይዘሮ ያምሮትንና አቶ ናሁሰናይን ወልደዋል። ባለቤታቸው በ1985 ዓ.ም. ስላረፉ ልጆቹን ለወግ ያበቁት ብቻቸውን ነው።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው እጅጉ ነው። እጅጉ በጅጋ እህል ነጋዴ ነው፤ የጆንያውን ሥር ሳያይ ገዝቶ አያውቅም። በሰውም ላይ ጠባዩ ይኸው ነው።

በ1987 ዓ.ም. የካቶሊክ አባቶች በቡሬ ቤት ተከራይተው የንባብና የመማማር ማኅበር አቋቋሙ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው አንድ መጽሐፍ ድምፅ እያሰሙ በጋራ ያነቡና ይወያዩበታል። ገበሬም፣ ነርስም፣ ጋሪ ነጂም ይመጣ ነበር። መምህርት አቻምየለሽ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አልቀሩም፤ ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ ፊታቸው የፈካው ያኔ ነው።

ከተማው ግን ጠረጠረ። የቀበሌ ሰዎች ፖለቲካ ነው አሉ፤ ጎረቤት ሃይማኖት ማስለወጫ ነው አለ። ከሁሉ አብልጦ የጠረጠረው እጅጉ ነበር። መጽሐፉ በነጻ፣ ሻዩ በነጻ፤ ታዲያ ምን ፈልገው ነው? እኅቱ ረቡዕና ዓርብ ሲጾሙ፣ ቅዳሴ ሲያስቀድሱ እያየ መሸፈኛ ነው ብሎ ተረጎመው። አንድ ቀን ቢጨቀጭቃቸው፣ «ና፣ ቁጭ ብለህ ስማና ፍረድ» አሉት።

በየካቲት 1989 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ሄደ። የሄደው ሊሰማ ሳይሆን ሊያጣራ ነው። አንባቢዎቹ ሳይገቡ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ደብተር አገኘ። በመጀመሪያው መስመር «አቻምየለሽ» ይላል፤ ከጎኑ «ክላራ» ተብሎ ተጽፏል። በአገራችን ክርስትና የተነሣ ሁሉ የክርስትና ስም ይወጣለታል፤ እምነት የለወጠም ሌላ ስም ይሰጠዋል ይባላል። እጅጉ ይህ የእኅቴ አዲስ ስም ነው ብሎ ደመደመ። የጆንያ ሥር ሳያይ የማይገዛው ሰው ሁለተኛውን መስመር እንኳ ሳያነብ ወጣ። በቀጥታም ወደ እኅቱ የንስሐ አባት ወደ አባ ገብረሰንበት ሄዶ፣ «አባታችን፣ እታለም ስሟን ለውጣለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የእኔን ስም ግን እንዳያነሡብኝ» ሲል ቃል አስገባቸው።

የዚያ ዓመት ሚያዝያ 21፣ የፋሲካ ሰሞን፣ የማርያም ማኅበር ተራው የመምህርት አቻምየለሽ ነበር። ጠላ ጠመቁ፤ ድፎ ደፉ፤ ቤቱን ጎዘጎዙ። ማንም አልመጣም። ጽዋው ለሌላ ባለተራ ተላልፎ ኖሯል፤ ለእሳቸው የነገራቸው ግን የለም። እስኪመሽ ደጅ ደጁን ሲያዩ ቆይተው በማግስቱ ዳቦውን ለነዳያን ሰጡ። እጅጉ አሞኛል ብሎ ጅጋ ቀረ።

ሰባት ዓመት እንዲህ ኖሩ። የንስሐ አባታቸው ቤታቸውን ጠበል መርጨት ተዉ፤ የማኅበሩ ሴቶች ሰላምታ አሳጠሩባቸው። እሳቸው ግን እሑድ ከደጀ ሰላሙ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ፤ ቅዳሜ ለንባብ ይሄዳሉ። ማን እንዳወራባቸው ሳያውቁ ሰላም የሚላቸውን ሁሉ በልባቸው ይመረምሩ ጀመር። ለማንም ክፉ የማያስቡት እኅታችን ጥርጣሬን የተማሩት ያን ጊዜ ነው። ይህ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

በ1996 ዓ.ም. አባ ገብረሰንበት በጋሪ ተሳፍረው ሲሄዱ እንዳለው የሚባለው ጋሪ ነጂ እሱ በንባቡ ቤት ጳጳስ መሆኑን አጫወታቸው። አባ ደንግጠው ጋሪውን አስቆሙ። ነጂውም በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ንግግር ተከፋፍለው እንደሚያነቡ፣ ማን የማንን እንደሚያነብም በደብተር እንደሚጻፍ ነገራቸው። አባ ሄደው የዱሮውን ደብተር አስወጡ። ከአቻምየለሽ ቀጥሎ ባለው መስመር «እንዳለው፣ ጳጳሱ» ይላል፤ ከሥሩ ነርሷ የወፍጮ ቤቱ ጌታ ሆና ተጽፋለች። ክላራ በመጽሐፉ ውስጥ ያለች መበለት ኖራለች። አባ በማግስቱ መምህርት አቻምየለሽ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ ማኅበሩም ጽዋውን መለሰላቸው። የነገራቸውን ሰው ግን ቃል ስለ ገቡ ሳይናገሩ ዐረፉ።

መምህርት አቻምየለሽ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2007 ዓ.ም. በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል።

ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት ወንድማቸውን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ «እጅጉዬ፣ ይቅር በለኝ። ያን ጊዜ ስሜን ያጠፋው አንተ ትሆን ብዬ ስጠረጥርህ ኖሬያለሁ፤ የእናቴን ልጅ» አሉት። እጅጉም፣ «እግዜር ይፍታሽ፣ እታለም» አላቸው። እጁን ስመው ተኙ።

ይህን ወረቀት ለልጆቻቸው አስቀድሜ አላሳየሁም፤ እንዳላነበው ያደርጉኛል ብዬ ጠርጥሬ ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋግ እናቶች ጋር ያኑርልን፤ ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። እታለም፣ ያወራብሽ እኔ ነኝ። ይፍታህ ማለት የሚገባሽ አንቺ ነበርሽ።