ድንጋዩን ቀድሞ የያዘ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፤ ረፋድ

ከመነዳሪው፣ ሰው የማሻግርበት የመኪና ጎማ፣ አድሮ ተንፍሷል። ነፋሁት። ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ደህና ነው። ዓባይ ደፍርሷል፣ ግን ጎድሏል። ይገባበታል።

ወደ ማዶ ሁለት ሴቶች አሻገርኩ፤ ትናንት የመካነ ሰላም ገበያ ውለው፣ አድረው የሚመለሱ። ሴት አሻጋሪ እኔ ብቻ ነኝና ሴቶቹ እኔን ነው የሚጠብቁ። እነሱ ጎማው ላይ ይቀመጣሉ፣ አሻጋሪው ከኋላ እየዋኘ ይገፋል። ወንድ እንዲያ ተጠግቶ ሲገፋቸው ያፍራሉ። ከዓረብ አገር ይዤው የመጣሁት ዋና እንጀራ ይሆነኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ደንቡን አታውቅምና ልንገርህ፣ ደብተር። ወንዙ ወደ ታች ስለሚወስድ የሚገባው ከላይ ነው፣ ከትልቁ ድንጋይ። የሚወጣው ዝቅ ብሎ፣ አሸዋው ላይ፤ በሁለቱም ዳር እንዲሁ ነው። ድንጋዩን ቀድሞ የያዘ መንገዱ የሱ ነው። ሌላው እሱ አሸዋውን እስኪረግጥ ይቆማል። ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያከብረዋል። አያ ይመር ብቻ፣ እኔ ስሆን ይረሳዋል።

የአሻጋሪዎቹ ትልቅ ነው። (ፊቱ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ አልልም።) መሬት ላይ ሰላምታው አይጎድልም፣ እናቴን ይጠይቃል። ውሃ ውስጥ አያየኝም። ከድንጋዩ በታች ይገባና ፊቴን ቆርጦ ያልፋል። ዛሬም አለፈ። መግፋት ትቼ አሳለፍኩት። እስኪያልፍ ወንዙ እኛን ወደ ታች ወሰደን። ጎማው ላይ ያለችው ሴትዮ እስክንወጣ ዱዓ ስታደርግ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ተሻጋሪ የለም። ልብስ አጠብኩ።

ኦማን የሠራሁበት ቤት ባሕሩ አጠገብ ነበር። ልጆቹ ሳንቃ ላይ ቆመው ማዕበል ይጋልባሉ፤ ሰርፊንግ ይሉታል። እራት ላይ ጠባቸው ሁሌ ስለዚያ። ማዕበሉ ከሚሰበርበት የቀረበው ባለ ተራ ነው። በባለ ተራው ፊት የገባ እጁን አንሥቶ ይቅርታ ይላል። ካላለ ዳር ሲወጡ ይጠየቃል እንጂ ውሃ ውስጥ ጠብ የለም። ይህን ደጋግማ የምትለው ትልቋ ልጅ ናት፣ ዋና ያስተማረችኝ። የጥጋብ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

አያ ይመርን ዳር ላይ ልጠይቀው አሰብኩ። ማታ መስጊድ በር ላይ አገኘሁት። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እናቴን ጠየቀኝ፣ ደህና ናት አልኩ፣ ሄደ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፤ ከሰዓት

ከጸጉሬ ውሃ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ጽሕፈቱ አያምርም።

ሰዓዳን ይዤ ገባሁ። ጎረቤቴ ናት፣ እህቷ ማዶ ሞታባት ለቅሶ ትሄዳለች። ድንጋዩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ አይቷል። መሐል ስንደርስ አያ ይመር ከታች ገባ፣ ጆንያ ጭኖ። ጮኽኩ። ዞር ብሎ አየኝ። ገፋ።

ጎማው ጎማዬን መታው። ሰዓዳ ተገለበጠች። ሻርፗ እጄ ላይ ቀረ፣ እሷ የለችም። ጠለቅኩ። ምንም አይታይም፣ ጭቃ ነው። እግሬን የነካኝ ነገር እጇ ሆነ። ያዝኳት። ጎማው አጠገባችን ሲንሳፈፍ ያዝኩትና ከማዶው አሸዋ በጣም ርቀን ወጣን፣ አዞ አለበት ከሚባለው ጥግ። ውሃ አስታወከች። አለች፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ የጠፋ ጫማዋን ትፈልግ ጀመር። በባዶ እግሬ ለቅሶ አልገባም ብላ አለቀሰች። ወገቤ ላይ አስሬ የዋኘሁትን የኔን ጫማ ሰጠኋት።

አያ ይመር አሸዋው ላይ ቆሞ ያየን ነበር። አልመጣም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ከጁምዓ በኋላ ሼህ እንድሪስ አስጠሩን። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቁርአን የቀራው እሳቸው ዘንድ ነው። ዋርካው ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ሴት እኔ ብቻ።

ሼኹ አያ ይመርን ማን ቀድሞ ገባ ብለው ጠየቁት። እሷ፣ አለ። አልዋሸም። ለምን ታዲያ? ታናሽ ወንድሙን ይህ ወንዝ እንደበላው አነሣ። ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞረ፦

«ሴት ልጅ ውሃ ውስጥ ሳይ ደሜ ይፈላል። ስትሰምጪ ማን ሊያወጣሽ ነው? እኔው ነኝ!»

«ሊያወጡኝ ከሆነ ከኋላዬ ይሁኑ፣ አያ ይመር። ትናንት ከፊቴ ነበሩ።»

አንድ ሽማግሌ ሳቅ አመለጠው፣ በጋቢው ሸፈነው።

ፍርዱ፦ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። እሱ ሰዓዳን አውፍ በይኝ ብሎ ይቅርታ ይጠይቅ። እኔ ደግሞ የሰዉ ልብ እስኪበርድ ከውሃው ልውጣ። ያጠፋው እሱ፣ የወጣሁት እኔ። እሺ ሼኼ አልኩ። እቤት ስገባ ከመነዳሪውን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 7፤ ማታ

ሰዓዳ ከለቅሶ ተመለሰች። ማዶ አሸዋው ላይ ቆመች። አሻጋሪዎቹ ሊያመጧት ሄዱ፣ አሻፈረኝ አለች። ስሜን ትጣራለች፦ ዘይነባ! ዘይነባ! እኔ ወዲህ ዳር ተቀምጬ እሰማለሁ። ሌሎች ሴቶችም አጠገቧ ተቀመጡ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ሲመሽ አሸዋው ላይ ማደር አደገኛ ነው።

አያ ይመር መጣ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ጎማሽን አምጪ።»

«ሼኹ...»

«ሼኹ እዚህ የሉም። ሴቶቹ አሉ። እኔ ከታች እቆማለሁ።»

ሮጬ አመጣሁት። ድንጋዩ ላይ ሦስት ወንዶች ነበሩ፣ ገለል አሉልኝ። ስዋኝ ዞሬ አየሁ፤ አያ ይመር ከወዲህኛው አሸዋ በታች ወንዙ ውስጥ ገብቶ እስከ ደረቱ ቆሟል፣ ዓይኑ እኔ ላይ። ሰዓዳን አመጣሁ። ተመልሼ ሌሎቹን፣ አንድ በአንድ። የመጨረሻዋን ሳወጣ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል። እስከዚያ አልወጣም።

ሰዓዳን አውፍ በይኝ አላት። አውፍ ብያለሁ አለች፣ ግን ጫማዬን አልረሳም። ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ፍርዱን ጥሻለሁ። ነገ ሳይነግሩብኝ ቀድሜ ሼኹ ዘንድ እሄዳለሁ። የሆነውን እናገራለሁ፣ ከእንግዲህ ከውሃው እንደማልወጣም እነግራቸዋለሁ። አያ ይመር እኔም አለሁ፣ እናገራለሁ ብሏል። ቢመጣም ባይመጣም እሄዳለሁ።