አማቴ ስሙን የማይጠሩት ቁጥቋጦ

መስከረም 18፣ ሐሙስ፣ ከት/ቤት መልስ

ደብተር እያረምኩ፣ ዓይኔ ግን ከመስኮቱ አልነቀል አለ። የጓሮው ቁጥቋጦ አበበ! ቢጫ፣ ዘለላው ቁልቁል የተንጠለጠለ። እንዴት ያምራል! ንቦቹ አብደዋል። ተማሪዎቼ ስሙን ቢጠይቁኝ አላውቅም አልኩ። የባዮሎጂ መምህርት! የቆረጥኩት ቅርንጫፍ ጠረጴዛው ላይ አለ። አበባው የአተር አበባ ነው የሚመስለው። እሺ፣ የአተር ቤተሰብ። ከዚያስ?

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ነገ ከገጠር፣ ከሌሞ ይመጣሉ። ፈርቻለሁ። ባሌ ማቴ፣ በሆዴ ያለው ወንድ ከሆነ የራሱን አያት፣ የአባቱን አባት ስም አወጣለታለሁ ካላቸው ወዲህ ዝም ብለውናል። ማቴ ደስታ ነው ይላል። እኔ ግን፣ ማስታወሻዬ፣ ከቡታጅራ የመጣች የባለሱቅ ልጅ ምራታቸው መሆኗ ከብዷቸው ነው እላለሁ።

መስከረም 20፣ ቅዳሜ ጠዋት

አገኘሁት! ከቁጥቋጦው ሥር ያገኘሁት የደረቀ ፍሬ ረዳኝ፤ ስስ፣ ጠፍጣፋ፣ ባንድ ጠርዙ ብቻ ክንፍ ያለው። ከዕፅዋት መጽሐፌ ጋር ልክክ። ድግጣ ነው። ከውጭ የመጣ ጌጥ ሲመስለኝ የአገር ልጅ ሆኖ አረፈው።

ሮጬ ለአማቴ አሳየኋቸው። ፊታቸው በራ። ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው የጥጃ መዥገር እንዴት እንደሚያራግፉበት አሳዩኝ። እጃቸው ሲሠራ እያየሁ ፈዝዤ ቀረሁ። በቋንቋቸው በሐዲይኛ ምን እንደሚባል ጠየቅኋቸው። «ያ ቢጫው ነው፣ ልጄ» ብለው ወጡ። ምን አጠፋሁ?

ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ

ማቴን ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። በሐዲያ ወግ ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ እንደዚያ ስም የሚጀምር ሌላ ቃልም ከአፏ አይወጣም። የቁጥቋጦው የሐዲይኛ ስም አጀማመሩ ከማቴ አያት፣ ከአማቴ ባል አባት፣ ስም ጋር አንድ ነው። ሰውየው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! አማቴ ዛሬም ያከብሯቸዋል። እንዴት ያሉ ሴት ናቸው!

ከዚያ የማቴ ሳቅ ቀጥ አለ። ተያየን። የልጁ ስም! የልጅ ልጃቸውን በስሙ መጥራት ሊከለከሉ ነበር። ለካ ዝምታው ለዚህ ኖሯል። ማቴ ግንባሩን ያዘ። እናቱ ቤት አድጎ እንኳ ስሙን ሲያስብ ወጉን ዘንግቶታል፣ ወንድ አይደል።

መስከረም 21፣ እሑድ፣ ቸርች ሳንሄድ

ወሰንን። ስም የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ስነግራቸው እጄን ያዙ፣ ወደ ሆዴ ጎንበስ አሉና አንድ ስም ጠሩ። ገና እዚህ አልጽፈውም። አሁን ጓሮ ናቸው፣ ለጥጃቸው ቅጠል እየለቀሙ። መስኮቱን ከፍቼ እሰማቸዋለሁ። የልጁን ስም ጮክ ብለው፣ ደጋግመው እየጠሩት ነው።